ኧረ ዜማው ያንተ ነው!

ክንዱ ያችን ዜማ ያገኛት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጣና ዳር ካለ ዋርካ ሥር አኮርዲዮኑን እንደታቀፈ ነው። እሱ እንዲያ ብሎ ያምን ነበር፤ የሚያምነውን ደግሞ ላገኘው ሁሉ ይናገር ነበር። የሰኔ ዝናብ አባርቶ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ጣቶቹ ማንም ሳያዛቸው ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ተረማመዱና አንድ ነገር አወጡ። ደገመው። ሠለሰው። ከዚያ ብድግ አለና አኮርዲዮኑን በደረቱ እንደተሸከመ በዘንባባዎቹ ሥር እየሮጠ ቤቱ ገባ።

«ሰገነት! ወለድሁ!» አላት ሚስቱን።

«እሰይ! ወንድ ነው ሴት?» አለችው ሰገነት፣ ከምትለቅመው ምስር ቀና ሳትል።

ተጫወተላት። ሰገነት ምስሯን ትታ አዳመጠች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገችና የባሏን ፊት አይታ መልሳ ገጠመችው።

«ደስ ይላል» አለች።

ክንዱ በቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚያድል ሰው ነው። ሰልፉ ሲረዝም የሚሰደበው እሱ፣ ስኳሩ ሲያልቅ የሚረገመውም እሱ። ከሥራ በኋላ ግን የቀበሌው ኪነት ቡድን መሪ ነበር፤ ስሙ በበጎ የሚነሣው ያኔ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ አሥረኛው የአብዮት በዓል እየቀረበ ስለነበር ቀበሌውም፣ ፋብሪካውም፣ ትምህርት ቤቱም አዲስ መዝሙር እንዲያዘጋጅ መመሪያ ወረደ። ከአውራጃው አንደኛ የወጣ ቡድን አዲስ አበባ ሄዶ በበዓሉ ላይ ይዘምራል። ክንዱ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ አያውቅም። ይህችን ዜማ ካገኘ ወዲህ ግን ሻንጣውን በልቡ ሸክፎ ነበር።

ግጥሙ አላስቸገረውም። ግጥም የሚመጣው ከላይ ነው። የአውራጃው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ዓምደ ሚካኤል ለቡድኖቹ ሁሉ የተመረጡ ስንኞች አድለዋል። ጓድ ዓምደ ሚካኤል ከአብዮቱ ወዲህ የስማቸው ጭራ እያሳፈራቸው «ጓድ ዓምዴ በሉኝ» የሚሉ ሰው ናቸው፤ እናታቸው ብቻ በሙሉ ስማቸው ይጠሯቸዋል፣ ያውም በሰው ፊት። ክንዱ ከታደሉት ስንኞች አንዷን ወስዶ ከፊቷ የራሱን ቀጠለባትና እንዲህ አደረጋት፦

ፊደል ቆጥረን ነቃን፣ ጨለማው ገፈፈ፣
የአድኃሪው ዘመን እንደ ጉም አለፈ።

ቡድኑ ወሩን ሙሉ ተለማመደ። ሰገነትም ከአዝማች ተቀባዮቹ አንዷ ነበረች።

የውድድሩ ዕለት የከተማው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውስጥ እርጥብ ካፖርት ይሸታል። ቀድሞ የወጣው የጆንያ ፋብሪካው ኪነት ቡድን ነው። መሪው አምሐ ድሬዳዋ ተወልዶ ለሥራ ባሕር ዳር የመጣ መካኒክ ሲሆን፣ ፋብሪካው የገዛለት ኦርጋን አለው። ክንዱ ያንን ኦርጋን ባየ ቁጥር ይቀና ነበር። አምሐ ኦርጋኑን ነካ፤ ሠራተኞቹ በአንድ ድምፅ ተቀበሉ፦

ጆንያው ተሸመነ፣ ምርቱ ተትረፈረፈ፣
የአድኃሪው ዘመን እንደ ጉም አለፈ።

የክንዱ ዜማ ራሷ ናት። መውጫዋም፣ መውረጃዋም፣ መሐል ላይ ቆም ብላ የምትሰረቀረቅባት ቦታም ሳትቀር። በሁለቱም መዝሙር ሁለተኛዋ ስንኝ አንድ መሆኗን ማንም ልብ አላለም፤ እሷ ከላይ የመጣች ናትና የተፈቀደች ናት።

«ሌባ!» ብሎ ጮኸ ክንዱ ከመቀመጫው ተነሥቶ። «ዜማዬን! ዜማዬን ሰረቀኝ!»

አዳራሹ ዞሮ አየው። አምሐ ኦርጋኑን ሳያቋርጥ «ማነው እሱ? የስኳሩ ሰውዬ አይደለም?» አለ። ሰው ሳቀ።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ተራው የቀበሌው ቡድን ነው፤ ቡድኑ ደግሞ ሌላ መዝሙር የለውም። ክንዱ እያለቀሰ ያንኑ ዜማ ተጫወተ። ታዳሚው አሁን ዜማውን ስለለመደው ገና ከመጀመሪያው አብሮ ያጨበጭብ ጀመር። ዳኞቹ ግራ ተጋብተው ለሁለቱም እኩል ነጥብ ሰጡ።

በማግሥቱ ጓድ ዓምደ ሚካኤል ሁለቱን አስጠሩ። ጠረጴዛቸው ላይ ቀይ ሽፋን ያለው ወፍራም መጽሐፍ ተቀምጧል።

«ጓድ ክንዱ፣ ትናንት ምን ብለህ ነው የጮኽኸው?»

«ዜማዬን ሰረቀኝ ብየ ነው፣ ጓድ።»

«ዜማ‑ዬ!» አሉ ጓድ ዓምደ ሚካኤል፣ የመጨረሻዋን ፊደል በሁለት ጣት እንደ ትኋን ይዘው። «‹ዬ› ምንድን ናት? መሬት ተወርሷል፤ ትርፍ ቤት ተወርሷል፤ ፋብሪካ ተወርሷል። አንተ በዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ‹ዬ› ደብቀህ ኖረሃል!»

ክንዱ ግን ስኳር ሲያልቅ ለሰልፈኛው የሚመልሰውን ሲፈጥር የኖረ ሰው ነውና አፍ አላጣም። «ጓድ፣ መሬት ላራሹ አይደለም የተባለው? እኔም ዜማውን ያረስሁት እኔ ነኝ።»

ጓድ ዓምደ ሚካኤል ይህን ሲሰሙ መጽሐፉን ከፈቱ፣ ገለጡ፣ ዘጉ። ስለ መሬት አለ፤ ስለ ማሽን አለ፤ ስለ ዜማ ግን አንዲት ቃል የለም። «ዜማ የማምረቻ መሣሪያ ነው ወይስ ምርት?» ብለው ጠየቁ። አምሐ «እኔ መካኒክ ነኝ» አለ። ጥያቄው እዚያው ስላልተፈታ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ጓድ ዓምደ ሚካኤል ሆኑ።

ኮሚሽኑ በድምፅ ማጉያ አዋጅ አስነገረ። «የዚህን ዜማ ትክክለኛ ባለቤት የሚያውቅ ሁሉ ቀርቦ እንዲመሰክር» ከተባለ በኋላ ዜማው ራሱ ከውድድሩ ዕለት በተቀዳው ካሴት ይለቀቃል። ከገበያው እስከ ሐይቁ ወደብ ድረስ ዜማዋ ስትንቆረቆር ሰነበተች። ክንዱ ሱቁ ውስጥ ሆኖ እየሰማ ልቡ አበጠ። ከእንግዲህ ማን ይጠራጠራል? የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጥቶ «የክንዱ ናት» ይላል።

የምስክሩ ቀን የቀበሌው ግቢ በሰው ተጥለቀለቀ። መጀመሪያ የቆሙት መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ነበሩ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑና ዜማዋን በአፍንጫቸው አንጎራጎሩ። ቀስ ሲሉባት ሌላ ግርማ አገኘች።

«አራራይ ነው» አሉ። «ዋዜማ ላይ ስንቆም እንዲህ ስንል ነው የኖርን። ልጁ ቤተ ክርስቲያን ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ወስዷት ይሆናል። እግዜር ይባርከው፣ አልቀየምሁትም።»

«አልወሰድሁም!» አለ ክንዱ።

ቀጥለው ጨርቅ የሚነግዱት ወይዘሮ ሸሪፋ ተነሡ። «መሪጌታ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎን መቃወሜ አይደለም። ግን ይህ አያቴ ለመውሊድ ድቤ ይዘው ይሉት የነበረ ነው» አሉና ጠረጴዛውን እንደ ድቤ መቱት። ዜማዋ ወዲያው እግር አወጣች፤ ግቢው ውስጥ ትከሻ ያልነቀነቀ አልነበረም። መሪጌታ ራሳቸው መቋሚያቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አንኳኩ።

ከዚያ ከቆላ ድባ ጤፍ ይዞ የመጣ አንድ ነጋዴ «እኔ አገር በሬ ሲያበራዩ የሚዘፈን ነው፤ በሬዎቹ ራሳቸው ያውቁታል» አለ። በሬ ይቅረብ የሚል ሐሳብ ከወደ ኋላ ተነሣ። ጓድ ዓምደ ሚካኤል ለጊዜው አቆዩት።

ክንዱ እየቆየ አንገቱን ደፋ። እያንዳንዱ ሰው ሲያንጎራጉራት እውነት እሷ ናት። የአንድ ልጅ አባት ሰው ፊት ቆሞ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «አፍንጫዋ የአጎቴ ነው፣ ዓይኗ የአያቴ ነው» ሲል መስማት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። አምሐ ግን ደስ ብሎት ነበር። ዜማዋ የማንም ትሁን፣ የስኳሩ ሰውዬ ካልሆነች ለእሱ ይበቃዋል።

በመጨረሻ ሰው ደግፎ ያቆማቸው እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። በዕድሜ ብዛት ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ሹል ነው። ከመመንኮሳቸው በፊት በትልቅ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት እንደነበሩ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ለዚህ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ሰው? ይህችማ የፊታውራሪ ገብረ መስቀል ናት! አዝማሪ ከግብሩ ላይ ሲቆም የሚያወጣላቸው ነው።» እንደ ወጣት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዘፈኑት፦

ገብሬ ሲነሣ አገር ይናወጣል፣
ካዳራሹ ገብቶ ማን ተርቦ ይወጣል!

ፊታውራሪ ገብረ መስቀል መሬታቸው በተወረሰ ሰሞን ጫካ የገቡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ደግሞ ዛሬም ሱዳን ድንበር ላይ ጠመንጃ ይዞ መንግሥትን እንደሚወጋ በየስብሰባው ይነገራል። ጓድ ዓምደ ሚካኤል የያዙት እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። ያ ካሴት ሳምንቱን ሙሉ ከተማው መሐል በእሳቸው ትእዛዝ ነው ሲጮኽ የሰነበተው።

«ስለዚህ» አሉ ድምፃቸው እየቀጠነ፣ «ይህን የፀረ ሕዝብ ዜማ ወደ አብዮታዊ መድረክ ያመጣው ማነው?»

አምሐ እንደተወጋ ሰው ተነሣ። «ጓድ ሰብሳቢ! ግለ ሂስ አለኝ። እስካሁን በግትርነት ተከራክሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ዜማው የጓድ ክንዱ ነው። የራሱ ድካም ነው። መብቱ ይከበርለት!»

«ኧረ እኔም ግለ ሂስ አለኝ!» ብሎ ዘለለ ክንዱ። «በቅናት ተነሣሥቸ ነው የከሰስሁት። ዜማው የጓድ አምሐ ነው፤ እኔ ነኝ የሰረቅሁት!»

«አልሰረቀም! እሱ ትሑት ስለሆነ ነው!»

«ትሑትስ እሱ! አቀናባሪ ማለት አምሐ ነው፤ ኦርጋን እንኳ አለው!»

«አንተ ነህ ዋርካ ሥር ያገኘሃት! ከተማው በሙሉ ሰምቶሃል!»

«ኧረ ዜማው ያንተ ነው!»

«ወንድሜ፣ በሞቴ፣ ያንተ ነው!»

እስከዚያች ሰዓት አንገት ለአንገት ሊተናነቁ የነበሩ ሰዎች አንዷን ዜማ እንደ ትኩስ ድንች ሲወራወሩ ሕዝቡ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጓድ ዓምደ ሚካኤል ግን አልሳቁም። ሁለቱም እንዲታሰሩ አዘዙ።

የቀበሌው እስር ቤት ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የበርበሬ መጋዘን ነበር። የገባበት ሰው መጀመሪያ ያነጥሳል፣ ቀጥሎ ያለቅሳል፤ መርማሪዎቹ ይህን እንደ ንስሐ ይቆጥሩት ነበር። ክንዱና አምሐ በተራ በተራ ሲያነጥሱ ቆዩ። ሲበርድላቸው ክንዱ ወደ ጠላቱ ዞረ።

«አሁን ማንም የለም። ስለ እግዚአብሔር እውነቱን ንገረኝ። ከየት አመጣሃት?»

አምሐ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «እምቢ አልልህም። ሐምሌ መግቢያ ላይ ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር አንዲት ሴት ልብስ ታጥባለች። ጀርባዋን ነው ያየሁት። እያንጎራጎረች ነበር። ቆሜ ሰማኋት። ቤቴ ስደርስ ኦርጋኑ ላይ ሞከርኩት፤ የሰማሁት መሆኑ ቀስ በቀስ ተረሳኝና የራሴ መሰለኝ።»

«ሻሿ ምን ዓይነት ነው?»

«ቢጫ። ጫፉ የተቃጠለ።»

የሰገነት ሻሽ ነው። ክንዱ ራሱ ነው ካውያ ረስቶበት ያቃጠለው። ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት። እሱ ዋርካው ሥር አገኘ፤ ለሰገነት ተጫወተ፤ ሰገነት ልብስ ስታጥብ አንጎራጎረች፤ አምሐ ሰማ። ዜማዋ የእሱ ናት! ማስረጃ ተገኘ፤ ምስክሩም ተከሳሹ ራሱ ነው! ክንዱ በደስታ ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ የት እንዳለ ትዝ ሲለው ዘጋው።

«ሚስትህ ነበረች?» አለ አምሐ። «እንግዲያው እመሰክርልሃለሁ። ዕዳዬ ነው።»

«ዝም በል!» አለ ክንዱ አፉን እያፈነው። «ከጠላኸኝ አሁን ነው የምታሳየኝ?»

ወዲያው ሰገነት ምሳ ይዛ መጣች። ጠባቂው ሰሐኑን አገላብጦ ካየ በኋላ በሩ ላይ እንዲያወሩ ፈቀደላቸው። ክንዱ አንድ እንኳ ሳይጎርስ ጠየቃት።

«ሐይቁ ዳር ልብስ ስታጥቢ የእኔን ዜማ ታንጎራጉሪ ነበር አይደል? ለማንም አትናገሪ። ለእኔ ብቻ ንገሪኝ።»

ሰገነት ወደ ጠባቂው አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያንተን?» አለች። «ክንድየ፣ ይህን ዜማ እኔ ከአገሬ ከመሸንቲ ነው ያመጣሁት። ዳጉሳ ስናርም ከእናቴ ጋር የምንለው ነው። ከተጋባን ጀምሮ እዚያችው ቤት ውስጥ ስለው ኖሬያለሁ፤ አንተ ስኳርህን ስትቆጥር አትሰማኝም እንጂ።» ከንፈሯን ሳታላቅቅ ማለት ይቻላል፣ ቃሉን ነገረችው፦

ዳጉሳውን አረም ውጦ ጨረሰብኝ፣
አንተን አንተን ስል ስል ፀሐይ ጠለቀብኝ።

ክንዱ በርበሬ ይሁን ሌላ ነገር ያልታወቀ እንባ ወረደው። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወለድሁ ብለህ ሮጠህ መጣህ። እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ‹ልጁ ያንተ አይደለም› ልበልህ?»

ከክንዱ ኋላ አምሐ አነጠሰ፤ ወይም ሳቁን በማነጠስ ሸፈነው።

ከዚያ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። ለካ ጓድ ዓምደ ሚካኤል የእማሆይ ምስክርነት ከመሰማቱ በፊት ቸኩለው ካሴቱን ለበላይ አካል ልከውት ኖሯል፤ «በአውራጃው ፕሮፓጋንዳ ክፍል አመራር የፈለቀ» ብለው። ካሴቱን አንድ ትልቅ ጓድ ሰምተው፣ መኪናቸው ውስጥ ደግመው ሰምተው፣ በስልክ አስደወሉ። ዜማው አሥረኛው በዓል ላይ ይቀርባል ተባለ። ጓድ ዓምደ ሚካኤል ስልኩን ሲያነሡ ሊታሰሩ የመሰላቸው ሰው ሲዘጉት ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብለው ነበር ይላል ተላላኪያቸው።

በዚያው ቀን ኮሚሽኑ ውሳኔውን አነበበ። «ዜማው የሰፊው ሕዝብ ነው። መሪጌታውም፣ ወይዘሮዋም፣ በሬዎቹም የሰፊው ሕዝብ አካላት ስለሆኑ ሁሉም እውነት ተናግረዋል። ፊታውራሪ ገብረ መስቀል ዜማውን ከሰፊው ሕዝብ በዝብዘው ለግል ሙገሳቸው አውለውት ነበር። አብዮቱ ግን ከበዝባዡ ነጥቆ ለባለቤቱ መልሶታል። የመለሰውም በፕሮፓጋንዳ ክፍሉ ኃላፊ አማካይነት ነው።» ጭብጨባው ረዘመ። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። «ልክ ነዎት አሉ» አሏቸው።

ሁለቱ ቡድኖች ተዋሕደው አዲስ አበባ እንዲሄዱ ተወሰነ። ክንዱና አምሐ ግን የግለኝነት ዝንባሌ ስላሳዩ ከእስር ተፈተው ከተማው ውስጥ እንዲቀሩ፣ አኮርዲዮኑና ኦርጋኑ ደግሞ ግለኝነት ስላላሳዩ እንዲሄዱ ተባለ። ክንዱ አውቶቡሱ ድረስ ሄዶ ሰገነትን ሸኛት። ጓድ ዓምደ ሚካኤል ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው እጃቸውን እያወዛወዙ የመዝሙር አመራር ይለማመዱ ነበር።

በበዓሉ ቀን ክንዱና አምሐ የወይዘሮ ሸሪፋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ አዳመጡ። ንግግሩ አለቀ ሲባል ሌላ ንግግር ተጀመረ። የሱቁ ጥላ ከመንገዱ ማዶ ሲደርስ የሚያውቋት ዜማ ከሩቅ ተነሣች። ሁለቱም ወደ ሬዲዮኑ ተጎነበሱ። ገና የመጀመሪያዋ ስንኝ ሳታልቅ አስተዋዋቂው ገባና ስለ ጆንያ ምርት ዕድገት ያብራራ ጀመር። ሲያብራራ፣ ሲያብራራ፣ ትንፋሹን ሲሰበስብ ዜማዋ አልቃ ጭብጨባው ብቻ ተሰማ።

«ጥሩ አጨበጨቡ» አለ አምሐ።

«ለአስተዋዋቂው ነው» አለ ክንዱ።

ሰገነት ስትመለስ እግሯ አብጦ ነበር። ፀሐይ ላይ አቁመዋቸው ዋሉ። አዲስ አበባ ትልቅ እንደሆነ፣ ውኃው ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ ጓድ ዓምደ ሚካኤልም ሹመት አግኝተው እዚያው እንደቀሩ ነገረችው። አኮርዲዮኑም አብሯቸው ቀርቷል፤ «ለቢሮው ያስፈልጋል» ብለዋል።

ክንዱ ስለ አኮርዲዮኑ ትንሽ ተከዘ። ቀጥሎ ግን ከእግሯ ሥር ተቀምጦ በሞቀ ውኃ እያጠባት፣ ሲያስበው የሰነበተውን ጠየቃት። «ሌላስ ታውቂያለሽ? ከመሸንቲ?»

«ለባቄላ ማረሚያ ሌላ አለ» አለች። «ለሰርግ ደግሞ እናቴ የምትላት አንዲት አለች፤ እሷስ ታስለቅሳለች።»

«በያት እስቲ።»

ሰገነት ጀመረች። ክንዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱ ስታንጎራጉር ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። መሐል ላይ አንድ ነገር ትዝ አለውና መስኮቱን ሊዘጋ ተነሣ። ደጅ አምሐ ቆሟል። ሊጠይቃት መጥቶ፣ ዘፈኑን ሲሰማ ለማንኳኳት ያነሣው እጁ አየር ላይ ቀርቷል።

«ግባ እንጂ» አለው ክንዱ። «ውጪ ቆመህ ከምትሰርቅ።»